ይህ ገለጻ በየትኛው ደንብ ተጻፈ?

አንድ ተመራማሪ ወደ ቤተ መዛግብት ሲሄድ መጀመሪያ የሚገናኘው ከሰነዶቹ ጋር ሳይሆን ስለ ሰነዶቹ ከተጻፈው መፈለጊያ ጋር ነው። መፈለጊያው መዛግብቱ የማን እንደነበሩ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደተጠራቀሙ፣ ስንት ካርቶን እንደሚሞሉና በየፋይሉ ምን እንዳለ ይናገራል። የማይናገረው፣ ቢናገርም በአንዲት ቃል የሚያልፈው፣ ይህን ሁሉ የጻፈው ባለሙያ በየትኛው ደንብ ተመርቶ እንደጻፈ ነው። ርእሱን ከፋይሉ ሽፋን ገልብጦት ነው ወይስ ራሱ አውጥቶለት? ዓመቱ ሰነዱ የተጻፈበት ነው ወይስ መሥሪያ ቤቱ ፋይሉን ሲሠራበት የቆየበት? ዝርዝር የሌለው ክፍል ሰነድ ስለሌለው ነው ወይስ ባለሙያው እስከዚያ ድረስ መውረድ ስላልፈለገ? እነዚህ የባለሙያዎች የጓዳ ጉዳዮች ይመስላሉ። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ፤ ደንቡን ያልተናገረ መፈለጊያ ከአንባቢው የሚደብቀው ነገር ብዙ ነው፤ ሳይከተለው «ተከትያለሁ» ያለ ደግሞ ካልተናገረው ይብሳል።

ጉዳዩ ጎልቶ የወጣው መፈለጊያዎች ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር መሻገር ሲጀምሩ ነው። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር እዚህ ያሉት ዓመታት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው፤ ይህን መናገር ለምን እንዳስፈለገ ወረድ ብሎ ይታያል።) በ1993 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በርክሊ፣ በዳንኤል ፒቲ መሪነት የተጀመረው ሥራ በ1998 ኢኤዲ የተባለውን የመዛግብት ገለጻ መጻፊያ የኮምፒዩተር ቅርጽ ወለደ። በ2002 ተሻሽሎ ወጣ፤ በ2015 ደግሞ ኢኤዲ3 ተከተለው። የሚጠብቁት የአሜሪካ አርካይቪስቶች ማኅበርና የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ናቸው። ኢኤዲ የሚወስነው መረጃው የት እንደሚቀመጥ ነው፤ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ አይወስንም። ለርእስ ቦታ አለው፤ ርእስ እንዴት እንደሚወጣ ግን አይነግርም። ለዓመት ቦታ አለው፤ ያልታወቀ ዓመት በምን ምልክት እንደሚጻፍ አያዝም። ይህን የሚያዙት ሌሎች ደንቦች ናቸው፤ በአሜሪካ ከ2004 ወዲህ ዳክስ፣ ከእሱ በፊት ስቲቨን ሄንሰን ያዘጋጀው ኤፒፒኤም፣ በካናዳ ከ1990 ጀምሮ ራድ፣ በብሪታንያ ማድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የዓለም አቀፉ የመዛግብት ምክር ቤት አይሳድ-ጂ። የኢኤዲ አዘጋጆች ይህን ስላወቁ በ2002ቱ ቅርጽ «ዴስክሩልስ» የተባለ ኤለመንት (የመረጃ ቦታ) አስገቡ፤ በኢኤዲ3 ቦታውን «ኮንቬንሽን ዲክላሬሽን» ወሰደው። ሁለቱም ግዴታ አይደሉም። የኢኤዲው ፋይል ያለ እነሱም ትክክለኛ ተብሎ ያልፋል፤ ችግሩም ከዚሁ ይነሣል።

የተለመደው ስሕተት ኤለመንቱን ባዶ መተው ብቻ አይደለም። «በየትኛው ደንብ?» ለሚለው ጥያቄ «ኢኤዲ» ተብሎ ሲመለስ ይታያል። ይህ «በምን ቋንቋ ጻፍክ?» ሲባል «በወረቀት» እንደማለት ነው። ቅርጹ አንድ ነገር ነው፣ የይዘት ደንቡ ሌላ፣ እንደ አይኤስኦ 8601 ያለው የቀን አጻጻፍ ወይም የስሞች መዝገብ ደግሞ ሦስተኛ። ሦስቱን ለይቶ ያልያዘ ተቋም የሚያስተላልፈው መግለጫ ራሱ ማብራሪያ ያሻዋል። «አይሳድ-ጂ» ብሎ መልስ መስጠትም ብዙ ጊዜ ግማሽ መልስ ነው። በ1999 ስቶክሆልም ላይ ጸድቆ በ2000 የታተመው ሁለተኛው እትም በ7 ክፍል የተመደቡ 26 የመረጃ ዓይነቶችን ይዘረዝራል፤ ከእነሱ 6ቱን ለልውውጥ የግድ አስፈላጊ ይላቸዋል፤ መለያ ቁጥር፣ ርእስ፣ መዛግብቱን ያመነጨው አካል፣ ዘመን፣ መጠንና የገለጻው ደረጃ። ደንቡን መናገር በመጨረሻው ክፍል ውስጥ ቦታ አለው፤ ከ6ቱ አንዱ ግን አይደለም። ከዚህ በላይ፣ አይሳድ-ጂ ከየአገሩ ደንብ ጋር አብሮ እንዲሠራበት፣ ደንብ በሌለበት አገር ደግሞ ለደንቡ መነሻ እንዲሆን የተጻፈ ነው። የአጻጻፉን ዝርዝር ለሌላ ትቶታል። ስለዚህ «አይሳድ-ጂ» ብሎ የቆመ መግለጫ ያ ሌላው ምን እንደነበር አልተናገረም።

ጥርጣሬው እዚህ ጋ ይመጣል። «ደንቡ ከገለጻው ራሱ ይታያል፤ አዋቂ አንባቢ ዳክስና ራድን በዓይኑ ይለያል፤ መናገር ለምን?» የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። የማዕዘን ቅንፍን እንውሰድ። ራድ ከቤተ መጻሕፍት ደንቦች በወረሰው ልማድ፣ ባለሙያው ከራሱ ገምቶ ያስገባው ዓመት በቅንፍ ይታጠራል። ዳክስ ደግሞ በመዛግብት ሥራ ከርእሱ ጀምሮ አብዛኛው ገለጻ ባለሙያው ራሱ የሚያመነጨው ነው በሚል ቅንፉን ትቶታል። እንግዲህ ቅንፍ የሌለበት «1867» በራድ ፋይል ውስጥ «ሰነዱ ላይ አለ» ማለት ነው፤ በዳክስ ፋይል ውስጥ ግን ከቅንፉ አለመኖር ምንም ማወቅ አይቻልም። ይህን የሚያሳይ ምልክት በገጹ ላይ የለም፤ ጠፍቶ የቀረ ምልክት ለዓይን አይታይምና። መጠንም እንዲሁ ነው። አንዱ የመደርደሪያ ርዝመትን በጫማ ይለካል፣ ሌላው በሜትር፣ ሦስተኛው ካርቶን ይቆጥራል፤ «3» የሚል ቁጥር ብቻውን የቀረ እንደሆነ ቁና ይሁን ኩንታል እንዳልተነገረ እህል ነው። «ስብስብ» የሚለው ቃል በአንዱ ዘንድ አንድ ሰው ሆን ብሎ ከየቦታው የሰበሰበውን ብቻ ይመለከታል፤ በሌላው ዘንድ ለማንኛውም ክምችት የሚሰጥ የወል ስም ነው። የካናዳው ባለሙያ ርእሱን «ፎንድ» ብሎ ሲጨርስ መዛግብቱ ከአንድ ምንጭ በተፈጥሯዊ አካሄድ እንደተጠራቀሙ እየመሰከረ ነው። ይህን ሁሉ በዓይን የሚለይ አንባቢ ቢኖር እንኳ ሁለቱንም ደንቦች አስቀድሞ ያጠና ነው። መፈለጊያ የሚጻፈው ግን ለእሱ ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው ጥርጣሬ «ማንም አያነበውም» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ተራው ተጠቃሚ ያንን መስመር አይከፍትም፤ ብዙ ድረ ገጾችም አያሳዩትም። ሆኖም ዛሬ የመፈለጊያ የመጀመሪያ አንባቢ ሰው መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። የብዙ ተቋማትን ፋይል የሚያሰባስቡት እንደ አርካይቭግሪድ ወይም የአውሮፓው የመዛግብት ፖርታል ያሉ አገልግሎቶች ከየቦታው የመጣውን በአንድ የፍለጋ ሳጥን ሥር ማስገባት አለባቸው። በ2013 የቤተ መጻሕፍት ትብብር ድርጅቱ የኦሲኤልሲ ተመራማሪዎች በአርካይቭግሪድ የነበሩ ከ100,000 በላይ የኢኤዲ ፋይሎችን መርምረው ነበር። ጥቂት ኤለመንቶች በሁሉም ዘንድ ማለት በሚቻል መጠን ሲገኙ ብዙዎቹ በየተቋሙ አልፎ አልፎ ብቻ ይገኛሉ፤ ስለዚህ ፍለጋን በእነሱ ላይ መገንባት ያስቸግራል። አሰባሳቢው ሁለት ፋይሎች አንድ ዓይነት ኤለመንት ይዘው ሲመጡ በውስጡ ያለው ነገር አንድ ዓይነት መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የደንቡ መስመር በትክክል ቢሞላ መጠኑን በምን ስፍር እንደሚያነብ፣ ቅንፉን እንደ ምስክርነት ይቁጠረው ወይስ እንደ ጌጥ ይለቀው፣ ይነግረው ነበር። ሳይሞላ ሲቀር ማሽኑ ይገምታል፤ ግምቱንም ለተጠቃሚው አይናገርም። የቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ማርክ በተባለው የኮምፒዩተር ቅርጹ፣ በ040 መስክ ውስጥ፣ ለዚህ አጭር ኮድ ካስቀመጠ ቆይቷል፤ «ዳክስ» ወይም «ኤፒፒኤም» የሚል። እኔ ኮዱንም ዓረፍተ ነገሩንም እመርጣለሁ፤ ኮዱ ለማሽን፣ ዓረፍተ ነገሩ ለሰው። ኢኤዲ3 ሁለቱን ማጣመር ፈቅዷል፤ ምኅጻረ ቃል፣ የደንቡ ሙሉ መጠሪያና ማብራሪያ በአንድ ላይ ይቀመጣሉ፤ ከአንድ በላይ ደንብ ካለም ኤለመንቱ ይደገማል።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ሦስተኛው ነው። መግለጫው ሐሰት ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ነው። ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ማየት ይጠቅማል። አርካይቭስስፔስ የተባለው፣ በ2013 ወጥቶ አርካይቪስትስ ቱልኪትንና አርኮንን የተካው ሶፍትዌር፣ ስለ መፈለጊያው በሚሞላው ገጽ ላይ «የገለጻ ደንብ» የሚል ተቆልቋይ ዝርዝር አለው። ከዝርዝሩ ዳክስ፣ ራድ፣ አይሳድ-ጂ ወይም ሌላ ይመረጣል፤ ፋይሉ ወደ ኢኤዲ ሲወጣ ምርጫው ወደ ዴስክሩልስ ይገባል። ተቋሙ ከፈለገ ምርጫውን አስቀድሞ ሞልቶ ሊያስቀምጠው ይችላል። እንግዲህ በ1960ዎቹ በጽሕፈት መኪና የተመታ ዝርዝር ወደ ሲስተሙ ሲገባ፣ ማንም ሳያስበው፣ «በዳክስ መሠረት የተዘጋጀ» የሚል ማኅተም ይመታበታል፤ በ2004 በወጣ ደንብ! አንባቢው ይህን አምኖ ቅንፍ አለመኖሩንና የርእሱን አወጣጥ በዳክስ ዓይን ከተረጎመ የሚደርስበት ድምዳሜ ሁሉ ጠማማ ነው። ባዶ መስመር ቢያንስ አያሳስትም። ከዚህ ተነሥተው አንዳንዶች መግለጫው ይቅር ይላሉ። እኔ አልስማማም። በዘልማድ የተሞላ መስመር የሚያሳየው ቅጹ ያለ ባለቤት መተዉን ነው፤ መድኃኒቱም መስመሩን የሚሞላ ሰው መመደብ እንጂ መስመሩን መሰረዝ አይደለም። አሮጌው ዝርዝር የትኛውን ደንብ እንደተከተለ ካልታወቀ «የታወቀ ደንብ ያልተከተለ፣ ከተቋሙ የቀድሞ ዝርዝር የተገለበጠ» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ይህም ደንብን መናገር ነው፤ እንዲያውም ከሁሉ እውነተኛው።

አሮጌውና አዲሱ በአንድ ፋይል ውስጥ ሲደባለቁ ግን አንድ መስመር አይበቃም። የመዛግብት መፈለጊያ በአንድ ሰው እጅ በአንድ ወቅት አይጻፍም፤ መግቢያውን አንዱ፣ የፋይሉን ዝርዝር ከ30 ዓመት በፊት ሌላው፣ አዲስ የገቡትን ካርቶኖች ሦስተኛው ይጽፈዋል። በ2002ቱ ኢኤዲ ዴስክሩልስ በፋይሉ ራስጌ ውስጥ ስለሚቀመጥ ስለ ጠቅላላው ሰነድ ይናገራል፤ በኢኤዲ3ም መግለጫው በሰነዱ መቆጣጠሪያ ክፍል ነው። ስለ አንድ ክፍል ብቻ ለመናገር በየደረጃው ሊገባ የሚችለውን የአሠራር ማስታወሻ መጠቀም ይሻላል። ሚሼል ላይትና ቶም ሃይሪ በ2002 አሜሪካን አርካይቪስት መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ መፈለጊያ እንደ ብራና መጽሐፍ የጸሐፊ ማስታወሻ ሊኖረው ይገባል ብለው ተከራክረዋል፤ ባለሙያው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደወሰነና ለምን እንደወሰነ የሚናገር። የግዕዝ ብራናን ለሚያውቅ ይህ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። ጸሐፊው በመጽሐፉ መጨረሻ ስሙን፣ ያጻፈውን ሰውና ዘመኑን ማኖሩ የቆየ ልማድ ነው፤ ዘመኑንም ሲያኖር በዓመተ ዓለም ይሁን በዓመተ ምሕረት ይለያል። ዳክስም በተሻሻሉት መርሖቹ ባለሙያው የሚያውቀውን፣ የማያውቀውንና እንዴት እንዳወቀ ግልጽ ማድረግ አለበት ይላል። የደንብ መግለጫ የዚህ ግልጽነት ትንሹ አካል ነው፤ ከትንሹ ያልጀመረ ተቋም ትልቁን ያደርገዋል ብሎ መጠበቅ ያስቸግራል።

«ጊዜ የለንም» ለሚሉት መልሱ አጭር ነው። ማርክ ግሪንና ዴኒስ ማይስነር በ2005 ያልተደራጀውን ክምችት ለማቃለል ዝርዝሩን ቀንሶ ቶሎ ለተጠቃሚ መክፈት ይሻላል ብለው ከጻፉ ወዲህ ብዙ ተቋማት ወደ አጭር ገለጻ ሄደዋል፤ ደግም አደረጉ። ነገር ግን ገለጻው ባጠረ ቁጥር አንባቢው ያጣው ነገር በውሳኔ የቀረ መሆኑን ማወቅ ይበልጥ ያስፈልገዋል። አንዴ በጥንቃቄ የተጻፈ መግለጫ ለመቶ ፋይል ያገለግላል፤ ልዩ የሚሆነው ብቻ ይጨመርበታል።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ መዛግብት የሩቅ ነገር እንዳይመስል ቀኑን ብቻ እንይ። በኢትዮጵያ የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ማቋቋሚያ አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ የአማርኛ ዓምድ ቁጥር 179/1991 ነው፤ በዚያው ገጽ የእንግሊዝኛ ዓምድ 179/1999። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ለማያውቅ ግን ሁለት አዋጆች ናቸው። አሁን «1928» የሚል ዓመት የተጻፈበት የጦር ሚኒስቴር ደብዳቤዎች ፋይል አለ እንበል። የ1928 ዓ.ም. ዘመን የሚሸፍነው ከሴፕቴምበር 12 ቀን 1935 እስከ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1936 ያለውን የጎርጎርዮስ ጊዜ ነው፤ የጣሊያን ወረራ የጀመረውም የማይጨው ጦርነት የተካሄደውም በዚህ ዓመት ውስጥ ነው። ባለሙያው «1928» ብሎ ጽፎ ማሽን የሚያነበውን የቀን መስክ በዚያው ቁጥር ከሞላው ፋይሉ ከጦርነቱ 7 ዓመት ወደኋላ ይሄዳል። ስለ ወረራው በ1935 እና በ1936 የሚፈልግ ተመራማሪ አያገኘውም። ከዚህ የሚከፋው፣ በ2002ቱ የኢኤዲ ዲቲዲ (የቅርጹ መዋቅር ሕግ) ባለሙያው ካልተናገረ በቀር አቆጣጠሩ ጎርጎርዮስ ተብሎ የሚሞላ መሆኑ ነው። ዝም ማለት እዚህ ገለልተኛነት አይደለም፤ ሲስተሙ በባለሙያው ስም ይመሰክራል። አይኤስኦ 8601 የሚያውቀው የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ብቻ ስለሆነ ሁለቱንም መጻፍ ያስፈልጋል፤ በሰነዱ ላይ እንዳለ ለዓይን፣ ተመንዝሮ ለማሽን። ይህ እንደተደረገ የሚናገረው ደግሞ የደንቡ መግለጫ ነው፤ አለበለዚያ ቀጣዩ ባለሙያ የተመነዘረውን እንደገና ይመነዝረዋል።

ስሞችም ከዚህ አያንሱም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በሚጠቀምበት የላቲን አጻጻፍ፣ በሐምቡርግ የተዘጋጀው ኢንሳይክሎፒዲያ ኢቲዮፒካ በሚከተለውና በጋዜጣ በተለመደው መጻፍ ሦስት የተለያየ ስም ያስገኛል፤ በራሳችን ፊደል እንኳ «ኅ»፣ «ሕ» እና «ህ» ይለዋወጣሉ። የአባቱን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ወስዶ በ«ወ» ሥር የሚያስገባው ደግሞ አይጠፋም። ስለ ኢትዮጵያ ብዙ የያዙት የሲልቪያ ፓንክረስት ወረቀቶች አምስተርዳም በሚገኘው የማኅበራዊ ታሪክ ተቋም ናቸው፤ ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡት የኢትዮጵያ ብራናዎች ቅጂ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ነው፤ የመንግሥት ሰነዶች አዲስ አበባ ናቸው። በሦስቱ ቦታ የተጻፈን አንድ ስም ማገናኘት የሚቻለው እያንዳንዱ የተከተለውን የአጻጻፍ ደንብ ሲናገር ነው። «አይሳድ-ጂ» የሚለው ቃል ብቻውን በዚህ ላይ አንዳች አይረዳም፤ ስለ ግዕዝ ፊደል የሚያዘው ነገር የለውምና። ለአማርኛ መፈለጊያ የሚበቃ መግለጫ እንዲህ ያለ ነው፦ «ገለጻው አይሳድ-ጂን፣ 2ኛ እትም፣ ይከተላል። ቀኖች ሰነዱ ላይ እንዳሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፈዋል፤ ለፍለጋ በአይኤስኦ 8601 ተመንዝረዋል። የኢትዮጵያውያን ስም በራስ ስም ይጀምራል፤ ማዕረግ ከስም ኋላ ይገባል። ከፋይል ሽፋን የተገለበጡ ርእሶች ፊደላቸው አልታረመም። ከካርቶን 1 እስከ 14 ያለው ዝርዝር የመሥሪያ ቤቱ የቀድሞ ዝርዝር ነው፤ በዚህ ደንብ አልተከለሰም።» ከዚህ ውስጥ ከአይሳድ-ጂ የመጣው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። የቀረው የውስጥ ደንብ ነው፤ ደንቡም መጀመሪያ መጻፍ አለበት።

«ደንቦች ይለዋወጣሉ፤ የዛሬው መግለጫ ነገ ያረጃል» የሚለው ተቃውሞ በእኔ አመለካከት የእትምን አስፈላጊነት የሚያስረዳ ነው። ዳክስ በ2013 ሁለተኛ እትሙን ካወጣ በኋላ በኢንተርኔት ላይ በየጊዜው እየተሻሻለ፣ እንደ ሶፍትዌር የስሪት ቁጥር እየተሰጠው ይወጣል። «ዳክስ» ብቻ ያለ ፋይል የትኛውን እንዳለ አይታወቅም፤ የስሪቱን ቁጥር የጻፈ ፋይል ግን ያረጀውም ሳይቀር በትክክል ይነበባል። ፋይሉ ሲከለስ የድሮው መግለጫ ሳይሰረዝ በክለሳ ታሪኩ ውስጥ መቆየት ያለበትም ለዚህ ነው። በ2023 መጨረሻ የዓለም አቀፉ የመዛግብት ምክር ቤት አይሳድ-ጂንና ሦስት እኅት ደንቦቹን የሚተካውን፣ ሪከርድስ ኢን ኮንቴክስትስ የተባለውን ሞዴል ስሪት 1.0 አውጥቷል። በዚህ ሞዴል «ደንብ» ራሱን የቻለ አካል ሆኖ ቆሟል፤ ከሌሎች አካላት ጋር በግንኙነት ይያያዛል። ሽግግሩ ዓመታት ይወስዳል፤ በመካከሉ በሺህ የሚቆጠሩ የኢኤዲ ፋይሎች ተገልብጠው ይገባሉ። ስሙና እትሙ ያለው መግለጫ ወደ ግንኙነት በቀጥታ ይለወጣል፤ «ዳክስ» የሚለው በግምት ይለወጣል፤ ባዶው እንደ ባዶ ይቀራል። አቅሙ ትንሽ የሆነ ተቋም የኋላውን ሁሉ ለማረም መነሣት የለበትም። ተቆልቋዩ ላይ አስቀድሞ የተሞላውን ምርጫ ያንሣ፤ የውስጥ ደንቡን በሁለት ገጽ ይጻፍ፤ ከዛሬ ጀምሮ በሚከፍተው ፋይል ላይ ቁጥርና ቀን ሰጥቶ ይጥቀሰው።